ለረቡዕ ምሳ ሦስት ሰው

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ማዞሪያ ነው የሚሏት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ሐኪሙን ከሐኪም፣ ወላዷን ከባሏ፣ የሟችን ወሬ ከወገኑ ስታገናኝ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ከዚያ ክፍል ይዛው የወጣችው ንብረት ድምጿ ብቻ ነው። ድምጿ ደግሞ እንዲያው እንደዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ወፈር ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ እምቢ ለማለት የማይመች ድምፅ ነው። ስልክ አንስተህ «አቤት» ካልክ አለቀልህ፤ የሚቀርህ የት እንደምትመጣና ስንት ሰዓት እንደምትመጣ መስማት ነው።

ይህን ድምፅ ለአንድ የአረጋውያን ማረፊያ ሰጠችው። ማረፊያው ታላቅ ወንድሟ የሚኖርበት ነው። ጋሼ ነው የምትለው። አናጢ ነበር። እናትና አባት በልጅነቷ ሲሞቱባት ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ እሷኑ እንደ ልጅ አድርጎ አሳደጋት። ስትታመም ሾርባ ሠርቶ በማንኪያ የሚመግባት እሱ፣ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ መጋዝ አቧራውን ከሱሪው ላይ እያራገፈ የሚቀመጥላት እሱ ነው። በስተርጅናው ስትሮክ መታውና ግማሽ ጎኑን ወሰደበት። አንደበቱም አብሮ ሄደ፤ ከቃላቱ ሁሉ የተረፈችው «ደህና» የምትል አንዲት ቃል ናት። አመመህ? ደህና። ራበህ? ደህና። በቃህ? ደህና። የተቆጣ ጊዜም «ደህና!» ብሎ ነው የሚቆጣው፤ እሷም በዚህ ትስቃለች።

ክፉው ነገር ጉሮሮው ነው። ጉሮሮውም እንደ እጁ ሰንፏል። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ አንዱን ውጦ እስኪጨርስ እየተጠበቀ ነው ሌላው የሚሰጠው። የተጣደፈ እንደሆነ ትን ይለዋል፤ ሾርባው ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ አንድ ቀን ይገድለዋል ብሎ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯታል። አንድ ሳህን ለመጨረስ ሰዓት ይፈጃል። ማረፊያው ውስጥ እንዲህ ያሉ አልጋዎች ብዙ ናቸው፣ አስታማሚዎቹ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ። ስለዚህ በየምሳው በጎ ፈቃደኛ ያስፈልጋል፤ ለአንድ አልጋ አንድ ሰው። ያንን ሰው ከያለበት ፈልጋ የምታመጣው ማዞሪያ ናት።

አሠራሯን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት ወንበሯን ከግድግዳ አስጠግታ ትቀመጥና ያቺን ባለቁልፍ ስልኳን ትይዛለች። ቁጥር ከየትም አታይም፤ የሰዉ ሁሉ ቁጥር ጣቷ ላይ ነው ያለው። «እህቴ፣ እንደምን አደርሽ? የልጅሽ ሳል ቀለለላት? ጉልበትሽስ?» ትላለች። ሴትዮዋ ስለ ሳሉም ስለ ጉልበቱም ተናግራ ስትጨርስ፣ «በይ እንግዲህ ረቡዕ ለምሳ እጠብቅሻለሁ። ካንቺ በቀር ሰው የለኝም» ብላ ትዘጋለች። ከዚያ ሌላ ቁጥር ትመታለች። «ወንድሜ፣ ሥራ እንዴት ነው? ረቡዕ ለምሳ እጠብቅሃለሁ። ካንተ በቀር ሰው የለኝም።» ከዚያም ሦስተኛ። ለአንድ አልጋ ሦስት ሰው ነው የምትጠራው፤ ሦስቱም ብቸኛ እንደሆኑ ነው የሚያውቁት። ሲገጣጠሙና ሦስቱም በር ላይ ሲገናኙ፣ «ምን ላድርግ ልጆቼ፣ ከሚጎድል ቢተርፍ ይሻላል» ብላ ትስቅና የተረፉትን አንሶላ ታሳጥፋቸዋለች።

ውሸት አይደለም ወይ? ውሸት ነው እንጂ። ግን አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ሰውዬው እኔ ከቀረሁ ያ ሽማግሌ ጦሙን ይውላል ብሎ ሲያስብ፣ ዝናብም ይዝነብ እንግዳም ይምጣ፣ ተነስቶ ይሄዳል። በዚያ ውሸት አንድም ቀን አንድም አልጋ ምሳ አጥቶ አያውቅም።

ታዲያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሰውዬውን ክፉ ነው ብዬ ላማው አልችልም፤ ቢሮውን ራሱ የሚጠርግ፣ ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል ሰው ነው። አንድ ቀን ጠርቶ አስቀመጣትና፣ «እትዬ፣ እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ ይህ ሁሉ አልጋ ምን ይሆናል? ሁሉ ነገር ያለው እርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ነው» አላት። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተ። የፈረቃ ማደራጃ ፕሮግራም አስገብቷል። ፈቃደኞቹ ሁሉ በየስልካቸው ከፍተው የሚመቻቸውን ቀን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ መደወል፣ መለማመጥ፣ የሰው ጉልበት መጠየቅ ቀረ።

ማዞሪያ መጀመሪያ ከፋት። ሥራዋን በማሽን ሲለውጡባት፣ ከሆስፒታሉ ቀጥሎ ይህ ሁለተኛዋ ነው። ነገር ግን ሰውዬው እውነቱን ነው የተናገረው፤ ዓይኗ ከቀን ወደ ቀን ሞራ እየጋረደው መሄዱን ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐኪም ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጥቷታል። ስትተኛ ጋሼን ማን ያበላዋል? ስለዚህ ክብሯን ዋጥ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች፣ አፍንጫዋ ማሳያውን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብላ።

እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። የአልጋው ስም፣ የፈረቃው ሰዓት፣ ምሳው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት። አዲስ ሰው የግድ ማወቅ ያለበት ነገር ካለ እሱም ይጻፋል፤ ለጋሼ «ቀስ ብሎ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ደህና ቢልም አትመኑት» ብላ አስጻፈችው። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፣ እንዳለችውም ጻፈው።

«እሺ፣ ለዚህ አልጋ ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«ሦስት።»

«ሦስት? የሚያበላው አንድ ሰው አይደል እንዴ?»

«አንድ ካልክ ባዶ ነው የሚቀረው የኔ ልጅ። አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ይረሳል፣ አንዱ ይመጣል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በሦስት ነው የሠራሁት። ሦስት በል።»

ሦስት አለ። ነገሩ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው፤ ሁለቱም አላዩትም። በስልኩ ዘመን ሦስቱ ሰዎች አይተያዩም ነበር። እዚህ ግን ሦስቱ ስሞች ከአንዱ አልጋ ሥር አንዱ ካንዱ በታች ተደርድረው ይታያሉ፣ ለማንም፣ በማንኛውም ሰዓት። ማዞሪያ ሦስቱን ይዛ መጣች፤ «ካንቺ በቀር ሰው የለኝም» የምትለዋን ግን ፕሮግራሙ ውስጥ የምትጻፍበት ቦታ አልነበረም፣ እሷም አልጠየቀች።

የቀረውን ሥራ አስኪያጁ አስረዳት። ሰው ሲጎድል ፈረቃው ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ለሁሉም ሰው «ሰው ጎድሎናል» እያለ ይልካል። ሦስቱ ሲሞሉ አረንጓዴ ይሆንና ዝም ይላል። ያልተመቸው ሰው «አልችልም» የምትለዋን ይነካል። ፈረቃው እንዳለቀ ደግሞ ለተመዘገቡት ሁሉ የምስጋና መልእክት ይሄድላቸዋል።

«እሱን እርስዎ ይበሉት፣ እኔ ልጻፈው» አላት። «የእርስዎ አነጋገር ይሻላል።»

ይህች ቃል አንጀቷን ቅቤ አጠጣችው። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ልክ ስልክ እንደምታነሳ። «ዛሬ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ» አለች። «እናንተ ባትኖሩ ምሳው አይበላም ነበር። እጃችሁ ይባረክ። ማዞሪያ።» ከዚያ መልሶ ሲያነብላት ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። እኔ ተኝቼም ቃሌ ይሄዳል ማለት ነው አለች በሆዷ።

ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። ሰዉ ስልኩን ይነካል፣ ስሙ ይወጣል፣ ገጹ ሁሉ እንደ ክረምት ሜዳ አረንጓዴ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዳ ሁሉ እያሳየ ይኮራል። በር ላይ የሚገባው ሰው ግን ተመናመነ። የሚገርመው ይሄ ነው፤ ተመናመነ እንጂ ጭራሽ አልጠፋም። ሦስት ተጽፎ አንድ ይመጣል፣ አንዳንዴም ማንም። «አልችልም» የምትለዋን የሚነካ ግን የለም። ማን ይነካታል? ስትነካት ስምህ ከአረንጓዴው ላይ ይፋቅና ሰው ሁሉ ያይሃል፤ እገሌ የሽማግሌ ምሳ ከበደው እንዲባል ማን ይፈልጋል? ወይ ይሉኝታ! መቅረቱ ሳይሆን መቅረትን መናገሩ ነው የሚያሳፍረን። ስለዚህ ሰዉ ስሙን እዚያው ትቶ እቤቱ ይቀመጣል፤ ሁለቱ አሉ አይደል?

ማዞሪያ ይህን አላየችም? አይታለች። ግን ሁልጊዜ እዚያው ናት፣ የጋሼ አልጋ አጠገብ። ሰው ሲቀር እሷ ታበላለች፣ ለማንም አትናገርም። «አላልኩህም? አንድ ሰው ለማግኘት ሦስት ማለት ነው» ትለዋለች ሥራ አስኪያጁን፣ እንደረታች ሰው። ጉድጓዱን በገዛ ገላዋ ደፍና ስትኖር መንገዱ ደልዳላ መሰላት።

የዓይኗ ቀጠሮ ደረሰ። ከተላለፈ ሌላው የሚገኘው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ማክሰኞ ተሠራላት፤ የተሠራው ዓይን ታሸገ፣ ያልተሠራው ደግሞ ከጥላ በቀር አያይም። ጎረቤቷ እቤቷ ወስዳ አስተኛቻት። ሐኪሙ እንዳትጎነበስ፣ እንዳትጨነቅ፣ ከበድ ያለ ነገር እንዳታነሳ አዟታል።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከተኛችበት ቀና አለች። ስልኳን በዳበሳ አነሳች። አዲሱን ስልክ ነው፤ ፕሮግራሙን እንድትከፍትበት ብሎ ሥራ አስኪያጁ የሰጣት፣ ሁለመናው መስታወት የሆነውን። ባለቁልፏ ብትሆን ኖሮ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትደውለው፤ ያቺ ግን ሲም ካርዷ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች። መስታወቱን ብትዳስሰው ብትዳስሰው ጣቷ የሚይዘው ቁጥር አጣች።

«እስቲ ለአስተማሪዋ ደውይልኝ» አለቻት ጎረቤቷን። አስተማሪዋ ከረቡዕ ሰዎች አንዷ ናት፤ ጡረታ የወጣች፣ ጉልበቷን የሚያማት።

«ምን ልትያት ነው?»

«ካንቺ በቀር ሰው የለኝም ልላት ነው።»

ጎረቤቷ ስልኩን ተቀብላ ከፈተችው። «ኧረ የምን ሰው የለኝም! ሦስት ሰው አለሽ እኮ። አስተማሪዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ያቺ የባንክ ሠራተኛ። አረንጓዴ ነው። በይ አርፈሽ ተኚ፣ ዓይንሽን ልታበላሺው ነው?»

«ሦስቱም አሉ?»

«ሦስቱም።»

ተኛች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በሐሳቧ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች፤ ማንኪያውን ሞላች፣ ጠበቀች፣ ደግሞ ሞላች። እንዲህ ስታበላው እንቅልፍ ወሰዳት።

ልብስ ሰፊው በዚያች ሰዓት ሱቁ ውስጥ ነበር። ልብሷን ዛሬውኑ የምትፈልግ ደንበኛ ከፊቱ ቆማ ስልኩን ከፍቶ አየ፤ አስተማሪዋና የባንኳ ልጅ አሉ። መቀሱን አነሳ። የባንክ ሠራተኛዋ ወረፋው ረዝሞባት ነበር፤ አየች፣ አስተማሪዋና ልብስ ሰፊው አሉ። አስተማሪዋ ጉልበቷ ሲያማት አድሮ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማ ልታጠልቅ ወይ ልትተው ታመነታለች፤ አየች። ሦስቱም ደግ ሰዎች ናቸው። እኔን የሚያናድደኝም ይሄው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ተራግሜ ይወጣልኝ ነበር።

ምሳው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ቀዘቀዘ። ተረኛዋ አስታማሚ መተላለፊያውን ሙሉ ስትሯሯጥ ውላ ወደ ምሳው ሰዓት መጨረሻ ብቅ ስትል ሳህኑ እንዳለ ነው። ልጅቷ ደነገጠች፤ ሽማግሌው ጦሙን ሊውል! አሞቀችለትና ቆማ ታበላው ጀመር፣ አንድ ጆሮዋ ሌላ ክፍል የሚጮኸው ደወል ላይ ሆኖ።

«አባባ፣ በቃዎት?»

«ደህና።»

«ልጨምርልዎ?»

«ደህና።»

ጨመረችለት። ትን አለው። ጀርባውን መታችው፣ ቀና አደረገችው፣ ፊቱ ጠቁሮ ጠቁሮ ተመለሰ። ያለፈለት መሰላት። በማግስቱ ተኮሰው፤ በአምቡላንስ ሆስፒታል ወሰዱት።

የወሰዱት ማዞሪያ ትሠራበት ወደነበረው ሆስፒታል ነው። የዓይኗ እሽግ የተፈታው በዚያው ሰሞን ስለሆነ በሩን ያለመሪ ገባች። የድሮ ክፍሏ በር ተከፍቶ አየችው፤ የተሰበሩ ወንበሮች አጭቀውበታል። ጋሼን በኦክስጅን ሥር አገኘችው። ለዓመታት ፊቱን በጭጋግ ውስጥ ነበር የምታየው። አሁን ሽበቱን፣ የጉንጩን ስርጉዳት፣ ከንፈሩ ላይ የደረቀውን ሁሉ አየች። ለካ እንዲህ አርጅቶብኛል አለች፤ እንባዋን መያዝ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና» አላት።

እሑድ ሞተ።

ማዞሪያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። ረቡዕ ማን ነበር? ሰውዬው ከልቡ አዝኖ ነበር፤ ወንበር ሳበላት፣ ላፕቶፑን አዙሮ አሳያት። «እትዬ፣ ይኸው ይዩት። ሦስት ሰው ነበር፣ ፈረቃው ሙሉ ነው። እንዲያውም በዚያ ሳምንት አንድም ቀይ የለብንም።» አልዋሸም። ማሳያው ላይ እንዳለው ነው የተናገረው። በሩ ላይ የቆመችው አስታማሚ ግን ከዚያ በላይ መስማት አልቻለችም። «ማንም አልመጣም፣ እትዬ» አለች። «እኔ ነኝ ያበላኋቸው። ቸኩዬ ነበር።» ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ማዞሪያ ተነስታ እጇን ያዘቻት። «አንቺማ መጣሽ» አለቻት።

ለቅሶው ላይ ሦስቱም መጡ። ለምሳው ያልተገናኙት ለለቅሶው ተገናኙ፤ ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ልክ ስማቸው ተደርድሮ እንደነበረው። ወሬው ደርሷቸዋል። ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል።

«እትዬ፣ እንደ ድሮው ቢደውሉልኝ ኖሮ ሱቄን ዘግቼ እሄድ ነበር» አለ። «ይህን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ነን ብዬ እኮ ነው» አለች የባንክ ሠራተኛዋ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ለአንድ ሰው ሦስት፣ እኔ ምን አደርጋለሁ ብዬ።»

«እኔው ነኝ ሦስት ያልኩት» አለች ማዞሪያ።

አስተማሪዋ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች። «እኔስ ጨንቆኝ ነበር» አለች። «ምሳ ሰዓት አልፎ፣ ጫማዬን አንዱን አጥልቄ፣ ሰው ሄዶ ይሆን ወይ ብዬ ላንቺ ልደውል ስል ምስጋናሽ መጣልኝ። እሰይ፣ ምሳው ተበልቷል ማለት ነው አልኩ። ጫማዬን አወለቅኩት። ይኸው፣ አላጠፋሁትም፣ እይው።»

«ለኔም ደርሶኛል» አለ ልብስ ሰፊው ወደ መሬት እያየ። የባንክ ሠራተኛዋ አንገቷን ደፋች።

ማዞሪያ ስልኩን ተቀበለች። ዓይኗን የሠራው ሐኪም እጁ ይባረክ፣ ወደ ፊቷ ማስጠጋት እንኳ አላስፈለጋትም፤ እያንዳንዷ ፊደል ጥርት ብላ ታየቻት። ዛሬ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ ይላል። እናንተ ባትኖሩ ምሳው አይበላም ነበር ይላል። ከሥሩ ማዞሪያ ይላል። እስከ መጨረሻው አነበበችውና ስልኩን ለአስተማሪዋ መለሰችላት።